እናቴ ስትቀምለኝ

ስለ ቅማል ሲነሳ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ እኔ ግን እንቅልፍ ይመጣብኛል። ይህን ተናግሬ የሳቀብኝ እንጂ የገባው ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ልጅ ሆኜ፣ ባደግኩበት የሰፈራ መንደር፣ እናቴ የእኔ ብቻ የምትሆነው ስትቀምለኝ ነበር። ሌላውን ጊዜ የእርሻው፣ የውሃው፣ የወንድሞቼ ነበረች። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውንም ከብቱንም ባስተኛ ሰዓት፣ ማንጎው ሥር ሰሌን ትዘረጋና «ነይ እስቲ፣ ራስሽን ልየው» ትለኛለች። ጭኗ ላይ ጋደም እላለሁ። ጣቶቿ ጸጉሬን እየከፈሉ ይሄዳሉ፤ አንዱን ያገኘች እንደሆነ በሁለት አውራ ጣቶቿ ጥፍር መሃል ጠቅ ታደርገዋለች። ጠቅ። ዝም። የማንጎው ቅጠል ይንሿሿል። ጠቅ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። ስነቃ ጥላው ዞሮ፣ ፀሐይ እግሬ ላይ ወጥታ፣ እናቴ ወደ ሥራዋ ሄዳ አገኛለሁ። ቅማሉ ጨርሶ እንዳይጠፋብኝ በልቤ እጸልይ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ጊዜ ግን እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። የበዓል ዋዜማ ነበር፤ ሥራው ተቆልሏል፣ የእኔ ራስ ደግሞ ብሶበታል። አንዲት ጎረቤት «ላምባ አድርጊባት፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚገላግልሽ» ብላ መከረቻት። ኩራዙ ውስጥ የቀረውን ላምባ ራሴ ላይ አፍስሳ በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። አቃጠለኝ ብዬ ስጮህ «ሲያቃጥል ነው የሚገድለው፣ ቻል አድርጊው የኔ ዓለም» አለችኝ። ያን ጊዜ ምድጃው አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት፤ እሳት አለመያዜን ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ጨርቁ ሲፈታ ቅማሉ ሞቷል፤ ከቀኝ ጆሮዬ በስተኋላ ያለው ቆዳም ከጨርቁ ጋር ተልጦ መጣ። አውራ ጣት የምታህል ቦታ ከዚያ ወዲህ ጸጉር አብቅላ አታውቅም።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ሹሩባ በሠራችኝ ቁጥር አንዱን ጉንጉን ወደዚያች ቦታ ጠምዘዝ አድርጋ ትሸፍንልኝ ነበር። እኔም ቂም አልያዝኩም ብል ውሸቴን ነው። ትንሽ ይዣለሁ።

ዛሬ እኔ ራሴ እናት ሆኜ፣ ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር እኖራለሁ። አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ወረዳ ላይ ስለሚሠራ ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነው፤ እኔ፣ የስምንት ዓመት ልጄና እናቴ። እናቴን ከመንደሩ ያመጣኋት ማስታወስ እያቃታት ሲመጣ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ጠፋት፤ ቀጥሎ ቀኑ፤ ቀጥሎ የሞቱትና ያሉት ሰዎች ተደባለቁባት። በመጨረሻ እኔ ጠፋኋት። መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ስለሆንኩ «ነርሷ» ትለኛለች። «እግዜር ይስጥሽ ነርሷ፣ ለእናትሽ ያኑርሽ» ብላ ትመርቀኛለች። አሜን እላለሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ልጄን ግን አልረሳቻትም። ዓይኗ ስለደከመ የምታውቃት በፊቷ አይደለም፤ በሹሩባዋ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰሌኑ ላይ ፊት ለፊቷ ትንበረከካለች። እናቴ ጉንጉኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ ትዳስስና ፊቷ በራ ይላል። «መጣሽ ሆዴ?» ትላታለች። ያቺ ሰዓት በቀኑ ውስጥ እናቴ ወደ ቤቷ የምትመለስባት ሰዓት ነች። ሹሩባውንም የምትሠራው እሷው ነች፤ አእምሮዋ የረሳውን ጣቶቿ አልረሱም። በእኛ አጥር ሥር የምትኖረው የኑዌር ጎረቤቴም አንድ ልጅ አለቻት፣ የልጄ እኩያ። ሁለቱ ልጆች አይለያዩም ነበር። «እማማ፣ እኔንም» እያለች እሷም ትንበረከክና እናቴ ሁለቱንም እኩል ትሠራቸዋለች። የጎረቤቴ ልጅ አጭር ጸጉር ነበራት፤ ለመጎንጎን እስኪበቃ ድረስ ስንት ወር እንደጠበቀች እኔ ምስክር ነኝ።

ስለ እናቴ ሻሽ አንድ ነገር ልናገር። ሻሿን አውልቃ አይቻት አላውቅም። እኔ ሳልወለድ፣ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲያመጧቸው፣ መጠለያው ውስጥ ቅማል ገብቶ ወንድ ሴት ሳይሉ ሁሉንም ላጯቸው። ልጃገረድ ነበረች። በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው ያወራችኝ፤ «በሰው ፊት፣ በሰልፍ» አለችና ሻሿን ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ራሷን ለሰው አታሳይም። ስትታጠብም በሯን ዘግታ ነው። እኔም ውሃውን አሙቄ አስገባላትና ወጥቼ እቆማለሁ። የእናቷን ሻሽ የምትፈታ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ናት? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም።

እንግዲህ ልጄን ማሳከክ ጀመራት። የክፍሏ መምህርት፣ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ በእረፍት ሰዓት ጠርታኝ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ቅጫም አሳየችኝ። የሌሎችን ልጆች ራስ እያየሁ ወላጅ ስጠራ የኖርኩ ሴት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሥራ እንደወጣሁ በባጃጅ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ቅባቱን ሰጠችኝና «ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታይ» አለችኝ። የራሴን ራስ በመስታወት አየሁ። እናቴንማ ማን ይነካታል? ደግሞም በእሷ ዕድሜ ቅማል ምን ያደርጋል አልኩ። ልጄ በየቀኑ ከእሷ ጋር በአንድ ትራስ እንደምትተኛ እያወቅኩ።

ቅማሉ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ደግሜ ቀባኋት፤ ደግሞ መጣ። መምህርቷ በለሰለሰ ድምፅ «አንድ ጊዜ ብትላጪያት አይሻልም? ተመልሶ ይበቅላል እኮ» አለችኝ። ምክሩ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን የታየኝ ልጄ ተላጭታ እናቴ ፊት ስትንበረከክ ነው፤ የእናቴ ጣቶች ጉንጉን ሲፈልጉ፣ ሲያጡ፣ ፊቷ ሳይበራ ሲቀር። ከእኛ ቤት ሰው የቀራት ያቺ ልጅ ብቻ ነች። በዚያ ጸጉር ላይ ምላጭ ካረፈ እናቴ ማንም የሌላት ሴት ልትሆን ነው። አይሆንም አልኩ። አይሆንም ካልኩ ደግሞ ጥፋተኛ ሊገኝ ነው።

ቁጣ ሲይዘኝ አሰላስዬ አላውቅም። በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴ ለሥራ ስትወጣ አጥሩ ጋ ጠበቅኳት። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ትሠራለች፤ የሥራዋን ባጅ አንገቷ ላይ አድርጋ ሰርቪስ እየጠበቀች ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ልጅሽን ወደ እኛ አትላኪብን። ቅማሉ ከማን እንደሚመጣ እናውቃለን» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያ «እናውቃለን» ገና ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ። እኔ አንድ ሴት ነኝ፤ ከማን ጋር ሆኜ ነው የማውቀው? እንዲህ ያለ «እኛ» ጋምቤላ ውስጥ ከባድ ቃል ነው፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። መመለስ ግን አልቻልኩም።

«እሺ ቲቸር» አለችኝ። ሰርቪሱ መጣ፤ ገባች።

በማግሥቱ ልጇ ተላጭታ ወጣች። እነዚያ ስንት ወር የተጠበቁ ጉንጉኖች የሉም። አጥሩ ማዶ ቆማ የእኛን ግቢ ታያለች፣ አትገባም። ልጄ ጠርታት መልስ ስታጣ እየሮጠች መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ራሷን ቀብራ አለቀሰች። እኔ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? ቢያንስ አሁን ይቆማል አልኩ።

አልቆመም። ሁለቱ ልጆች ሳይገናኙ አሥር ቀን አለፈ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን የልጄን ጸጉር ስከፍል አንዱ በጣቴ ሥር ሮጠ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንደእኔ ዓይነቷ ነው። እንዲያም ሆኖ አልገባኝም። ባጃጁን ጠረጠርኩ፣ የክፍሏን ልጆች ጠረጠርኩ፣ አንድ ቀን የተዋሰችውን ኮፍያ ጠረጠርኩ። ዓለምን ሁሉ ጠርጥሬ አንድ ሻሽ ቀረኝ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ዝናብ ሊጥል አስቦ የተወው ቀን ነበር፤ አየሩ ከብዶ፣ ከባሮ በኩል የሚመጣው ንፋስ እንኳ ተኝቶ። እናቴ ማንጎው ሥር ሰሌኗ ላይ ተቀምጣ በእጇ አየሩን ትጎነጉናለች፤ ሹሩባ የምትሠራለት ሰው ስታጣ እንደዚያ ታደርጋለች። እኔ ደጃፉ ላይ ደብተር አርማለሁ፤ ዓይኔ ይከደናል፣ ይገለጣል። አንድ ጊዜ ስገልጠው የጎረቤቴ ልጅ ግቢው ውስጥ ነች። እንዴት እንደገባች አላየሁም። በባዶ እግሯ ድምፅ ሳታሰማ ሄዳ፣ እንደ ድሮዋ እናቴ ፊት ተንበረከከች። «እማማ» አለቻት።

እናቴ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ የተላጨ ራስ ላይ አረፉ፤ ቆሙ። ወደ ፊት ሄዱ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ፊቷ ተለወጠ። እኔ ካወቅኳት ጀምሮ ያላየሁት ፊት ነበር፤ የልጃገረድ ፊት።

«አንቺንም ላጩሽ?» አለቻት። «አብሽሪ። አብሽሪ ሆዴ። አያዩሽም።»

ይህን እያለች ሻሿን ፈታችው። ዕድሜ ልኳን ያልፈታችውን። ዙር በዙር ፈትታ የልጅቷን ራስ ሸፈነችበት፣ ከኋላዋም አሰረችላት፤ ጫፉን ሳይቀር አስተካከለችላት። የራሷ ራስ ሜዳ ላይ ቀረ። የእናቴን ጸጉር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ስስ ነው፣ ነጭ ነው። ከጆሮዋ በላይ፣ ከማጅራቷም ሥር፣ ሰሊጥ የተበተነበት ይመስላል። ጠጋ ስል ሰሊጡ ይሄዳል።

ውሃ ሳሞቅላት፣ በሩ ጋ ቆሜ ስጠብቅ፣ ታጥባ የወጣች ሲመስለኝ፣ እናቴ ራሷን መታጠብ ከረሳች ስንት ጊዜ ሆኗት ይሆን? ዘልዬ ሻሹን ከልጅቷ ራስ ላይ ቀማኋት። ልጅቷ ደነገጠች። ቀና ስል እናቷ በአጥሩ በር ቆማለች። ያየችው ሻሹን ከልጇ ራስ ላይ ስገፍፍ ነው።

እውነቱን ለመናገር አንድ አፍታ ዝም ልል ነበር። ሻሹን ጠቅልዬ፣ እናቴን ሸፍኜ፣ ቤት ገብቼ በሩን ብዘጋ ማን ያውቃል? ልጇ ተላጭታለች፤ ቅማሉ ነገ ቢጠፋ እሷ ስለተላጨች ነው ይባላል። ደግሞ የእናቴን ገመና ለጎረቤት ማውጣት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ነው ያሳደጉኝ፤ ግን እንዲህ መራራ መሆኑን አልነገሩኝም። ልጅቷን አየኋት፤ እጇን ባዶ ራሷ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«ከእኛ ነው» አልኩ። ሻሹን እንደያዝኩ ወደ እሷ ሄድኩ። «እህቴ፣ ቅማሉ ከእኛ ነው። ከእማዬ ነው። ልጅሽን በድያታለሁ።»

ጎረቤቴ ገባች። መጀመሪያ ልጇን አልነካችም፣ እኔንም አላናገረችኝም፤ እናቴ ፊት ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ እጆቿን ያዘቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«እኔ ልጄን ሳልላጫት በፊት ራሷን አይቻለሁ» አለችኝ። «አንድም የለም። ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ለምን ላጨሻት?»

«ቲቸር ቅማላሞች እንዳትለን። ጸጉር ይበቅላል። ስም አይበቅልም።»

አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። እሷ ግን ለለቅሶዬ ጊዜ አልሰጠችውም። ሻሹን ከእጄ ተቀብላ «ልጄማ ጸጉር የላትም፣ ቅማሉ ምኗን ይይዛል?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ገና ያልበረደ ነገር ነበር። ጀዊ ውስጥ ሥራዋ ይህ ራሱ ኖሯል፤ ለእናቶች ስለ ንጽሕናና ስለ ልጆች ጤና ማስተማር። በዚህ ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱ አጥሩ ማዶ ተቀምጦ እኔ ስድብ ወረወርኩበት።

«ቅማል ክንፍ የለውም፤ አይዘልም» አለችኝ። «ራስና ራስ ሲነካካ ነው የሚሄደው። ቆሻሻ ሰው፣ ንጹሕ ሰው አይልም። ልጅሽ ከማን ጋር ነው የምትተኛው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መልሱን ሳልነግራት በፊት አወቀችው።

ውሃ አፍልተን ሻሹን፣ የትራስ ጨርቆቹንና አንሶላውን ዘፈዘፍን፤ ከዚያ በዚያ የጋምቤላ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ላምባ ስል በድንጋጤ አየችኝ፤ «እሳትና መርዝ ራስ ላይ ይደረጋል?» አለችኝ። በእጄ የቀኝ ጆሮዬን ጀርባ ነካሁ። ከቤቷ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ አመጣች። ጸጉሩን አርሶ ኮንዲሽነር መቀባት፣ በጥቂት በጥቂቱ እየከፈሉ ከሥሩ እስከ ጫፉ ማበጠር፣ በየጊዜው ማበጠሪያውን ነጭ ጨርቅ ላይ እየጠረጉ ማየት። በየሦስት ቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት፤ የቀረው ቅጫም ቢፈለፈል እንኳ ሳይወልድ እንዲያዝ። በአንድ ቀን፣ ሁሉም ሰው።

እናቴ ማበጠሪያው ሲቀርብ ራሷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አትላጩኝ» አለች። ያን ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ማንም ሳይነግራት እንደገና ተንበረከከችና የእናቴን እጅ አንስታ ራሷ ላይ አደረገችው። እናቴ ያን ትንሽ ራስ እየዳበሰች ስታባብል፣ እኛ በስተኋላዋ ቀስ ብለን አበጠርናት። ነጩ ጨርቅ ጠቆረ። ልጄም ተበጠረች። ምላጭ አልመጣም።

ሁሉም ሲያልቅ ጎረቤቴ ማበጠሪያውን እያጠበች «ያንቺስ ራስ?» አለችኝ። አይቼዋለሁ አልኩ። «የራሱን ማጅራት የሚያይ ሰው አለ?» አለችና ልጇን ይዛ ወጣች፤ ማበጠሪያውን ትታልኝ።

ልጄ ሰሌኑ ላይ አንቀላፍታለች። እናቴ ጭኗን መታ መታ አደረገች። «ነይ እስቲ ነርሷ» አለችኝ፣ «ራስሽን ልየው።» እንዲህ ከተባልኩ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። ጋደም አልኩ። ጣቶቿ ጸጉሬን እየከፈሉ ሄዱ፤ ቅጠሉ ተንሿሿ፤ ዓይኔ ይከደን ጀመር። ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ሲደርሱ ቆሙ። ያቺን አውራ ጣት የምታህል ቦታ ዳሰሷት፤ ዞሯት፤ እንደገና ዳሰሷት።

«ይቺን እኔ ነኝ ያቃጠልኳት» አለች። «በላምባ። ቻል አድርጊው እያልኩሽ።» ከዚያ ጸጉሬን ወደዚያች ቦታ ጠምዘዝ አድርጋ ሸፈነችልኝ። «ልጄ ነሽ እኮ። የት ቆየሽብኝ?»

«እዚሁ ነኝ እማዬ» አልኳት። ቂሜን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ ፈልጌ አጣሁት።

በማግሥቱ ጠዋት መድኃኒቷን ስሰጣት «እግዜር ይስጥሽ ነርሷ» አለችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅማሉ ከቤታችን ጠፋ። የጎረቤቴ ልጅ ጸጉር ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ፤ ለጉንጉን ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ባየሁት ቁጥርም አፍራለሁ። እናቴ አሁን እሷንም በአጭር ጸጉሯ ታውቃታለች፤ ስትዳስሳት «መጣሽ?» ትላታለች።

እኔ ግን ዛሬም በየሦስት ቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰሌኑ ላይ እሄዳለሁ። ራሴ ንጹሕ ነው፤ ጎረቤቴ ራሷ አይታ አረጋግጣልኛለች።

«እማዬ» እላታለሁ፣ «ያሳክከኛል።»

ጭኗን መታ መታ ታደርጋለች። ጋደም እላለሁና ጣቶቿ ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ እስኪደርሱ እጠብቃለሁ።